ከዳር የሚጻፍ መዝገብ፤ የሰርቨር መመዝገቢያ መሣሪያዎች ወደ ብራውዘር የተሻገሩበት ታሪክ ከመተማ ቈላ አንጻር ሲታይ

መግቢያ

የማንኛውም መሥሪያ ቤት የሥራ ታሪክ የሚታወቀው በመዝገቡ ነው። በመዝገብ ያልሰፈረ ነገር ምንም እንኳን በእውነት የተፈጸመ ቢሆን፣ በኋላ ለሚመረምረው ሰው እንዳልተፈጸመ ይቈጠራል። ስለዚህም አንድ መዝገብ ምን እንደ ጻፈ ብቻ ሳይሆን የት ሆኖ እንደ ጻፈ መጠየቅ ተገቢ ነው። መዝገቡ የሚጻፈው በማእከል ብቻ ከሆነ፣ በዳር የደረሰው ችግር የሚታወቀው ዳሩ ራሱ ሲናገር ነው፤ ዳሩ መናገር ያቃተው እንደሆነ ግን ማእከሉ ዝምታውን እንደ ሰላም ይተረጕመዋል።

በኮምፒውተር ሙያ ውስጥ ይህ ጕዳይ የብዙ ዓመታት ድካም ያለበት ነው። ሰርቨር በሚባለው፣ ማለትም አገልግሎት በሚሰጠው ማእከላዊ ኮምፒውተር ላይ እንዲሠሩ ታስበው የተዘጋጁት የክንውን መመዝገቢያ መሣሪያዎች፣ ተጠቃሚው ፊት ለፊት በሚያየው ብራውዘር ውስጥም እንዲሠሩ ለማድረግ ብዙ ጥረት ተደርጓል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዚህን ጥረት ታሪክ በቅደም ተከተል መግለጽና ነገሩ እንደ መተማ ላለ የጠረፍ አገር ምን ትርጕም እንዳለው ማስረዳት ነው።

መተማ ለምሳሌነት የተመረጠችው ያለ ምክንያት አይደለም። መተማ ዮሐንስ በምዕራብ ጎንደር ዞን ከሱዳኗ ገላባት ጋር ፊት ለፊት የምትተያይ የጠረፍ ከተማ ናት። ከጎንደር ወደ ሱዳን የሚወርደው የነጋዴ መንገድ ያልፍባት ስለ ነበር፣ እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1862 ባያት ጊዜ የታወቀች የገበያ ስፍራ ነበረች። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በተጀመረው ጦርነት ድል ለማድረግ የተቃረበው የኢትዮጵያ ሠራዊት፣ የዐፄ ዮሐንስ 4ኛን መቍሰል በሰማ ጊዜ ወደ ኋላ መመለሱ በታሪክ የታወቀ ነው። ዛሬም የቈላው ሰሊጥ የሚሰበሰበው ከደጋ በየክረምቱና በየመኸሩ በሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ጕልበት ነው፤ ሰሊጡ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ መጋዘን ይመዘናል፤ ድንበር ተሻጋሪው ዕቃ በጉምሩክ ይፈተሻል፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህም ብዙ ሺሕ ስደተኞች በዚሁ በር ገብተዋል። ይህ ሁሉ የሰውና የዕቃ እንቅስቃሴ መመዝገብ አለበት። ከጊዜ ወደ ጊዜም መዝገቡ ከወረቀት ወደ ብራውዘር መስኮት እየተዛወረ መጥቷል።

1. የመዝገቡ አጀማመር

የክንውን መዝገብ በሙያው ቋንቋ ሎግ ይባላል። ቃሉ በእንግሊዝኛ ግንድ ማለት ነው። የቀድሞ መርከበኞች የመርከባቸውን ፍጥነት ለማወቅ፣ በየርቀቱ ቋጠሮ ባለው ገመድ ያሰሩትን እንጨት ወደ ባሕር ይጥሉና በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ስንት ቋጠሮ እንዳለፈ ይቈጥሩ ነበር። ውጤቱ የሚጻፍበት ደብተር በእንጨቱ ስም ተጠራ፤ ቀስ በቀስም የነፋሱ፣ የጕዞው አቅጣጫና በመርከቡ ላይ የደረሰው ነገር ሁሉ በዚያው ደብተር ይገባ ጀመር። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ መዝገቡ የሚጻፈው ነገሩ በሚደርስበት በመርከቡ ላይ እንጂ በወደብ ተቀምጦ አለመሆኑ ነው።

የኮምፒውተሩ ሎግ ግን ያደገው በወደቡ ማለትም በማእከሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዓመታት ኤሪክ ኦልማን በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሊ ሰንድሜይል የተባለውን የደብዳቤ ማስተላለፊያ ፕሮግራም ሲያዘጋጅ ሲስሎግ የተባለውን የመመዝገቢያ ሥርዓት አብሮ ሠራ። ሥርዓቱ መልእክቶችን እንደ ክብደታቸው ከ0 እስከ 7 በስምንት ደረጃ ይከፍላል፤ 0 ሥርዓቱ ፈጽሞ መሥራት ያቆመበት አደጋ ሲሆን፣ 7 ለምርመራ ብቻ የሚጻፍ ዝርዝር ነው። ሲስሎግ ለረጅም ጊዜ በልማድ ሲሠራበት ከቈየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2001 በጽሑፍ ተገለጸ፤ በ2009 ደግሞ ደንብ ወጣለት።

ሁለተኛው ትልቅ እርምጃ ጄኪ ጉልጁ ለጃቫ ቋንቋ ያዘጋጀው ሎግ ፎር ጄ ነው። ይህ መሣሪያ ሥራውን በሦስት ከፈለው፤ ይኸውም መልእክቱን የሚቀበል መዝጋቢ፣ መልእክቱን ወደ ፋይል ወይም ወደ ሌላ ቦታ የሚያደርስ አድራሽ፣ የጽሑፉን መልክ የሚወስን አቀራረብ ናቸው። አከፋፈሉ ስለ ተወደደ በሌሎች የፕሮግራም ቋንቋዎችም ተቀዳ።

እነዚህ መሣሪያዎች ሁሉ አራት ነገሮችን ሳይናገሩ አስቀድመው ይገምታሉ። አንደኛ፣ የሚጻፍበት የራሳቸው ዲስክ አለ። ሁለተኛ፣ ፕሮግራሙ የሚሠራበት ኮምፒውተር ስሙ የታወቀ ነው። ሦስተኛ፣ ፕሮግራሙ ሳያቋርጥ ለረጅም ጊዜ ይሠራል። አራተኛ፣ ሰዓቱ ትክክል ነው፤ የሚቈጣጠረውም ባለሙያ በአጠገቡ አለ። በሰርቨር ክፍል ውስጥ አራቱም እውነት ናቸው። ወደ ተጠቃሚው ጠረጴዛ ሲወረድ ግን አንዱም በእርግጥ አይገኝም።

2. መዝገብ ያልነበረው ብራውዘር

ጃቫስክሪፕት የተባለውን ቋንቋ ብሬንደን አይክ በኔትስኬፕ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1995 ሲያዘጋጀው የታሰበው ሥራ ቀላል ነበር፤ ቅጽ በትክክል መሞላቱን ማየትና ገጹን ትንሽ ማንቀሳቀስ። ስለዚህ በብራውዘር ውስጥ የደረሰን ስሕተት መዝግቦ መያዝ አስፈላጊ መስሎ አልታየም። ባለሙያው የፕሮግራሙን ሐሳብ ለማየት ሲፈልግ በገጹ ላይ ብቅ የሚል የማስጠንቀቂያ ሣጥን ይጠቀም ነበር፤ ሣጥኑም ሥራውን ሁሉ አቁሞ ይጠብቃል።

ጂሜይል እ.ኤ.አ. በ2004፣ የጉግል ካርታ በ2005 ሲወጡ ነገሩ ተለወጠ። ሥራው ከሰርቨር ወደ ብራውዘር ተሻገረ፤ ስሕተቱም አብሮት ተሻገረ። በጥር 2006 ጆ ሂዊት ፋየርበግን አወጣ፤ ባለሙያዎች ዛሬ በየዕለቱ የሚጠቀሙበት የኮንሶል ሎግ ትእዛዝም በዚሁ መሣሪያ ተለመደ። በዚያው ዘመን ቲም ዳውን የሎግ ፎር ጄን አከፋፈል ተከትሎ ሎግ ፎር ጃቫስክሪፕትን አዘጋጀ። የዚህ ልዩ ጥቅም መልእክቱን በኔትወርክ ወደ ሰርቨር ለመላክ የሚችል አድራሽ ያለው መሆኑ ነው።

ይሁን እንጂ የኮንሶሉ መዝገብ በተጠቃሚው ኮምፒውተር ውስጥ ይቀራል፤ ገጹ ሲዘጋም ይጠፋል። ከዚህም የባሰ ነበር። በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 8 እና 9 ላይ የባለሙያው መመርመሪያ መስኮት ካልተከፈተ በቀር ኮንሶል የሚባል ነገር አይገኝም ነበር። ስለዚህ በባለሙያው ጠረጴዛ ላይ በደኅና የሠራው ገጽ፣ ተጠቃሚው ዘንድ ሲደርስ ስሕተትን ሊመዘግብ በተጻፈው መሥመር ላይ ራሱ ይሰበራል። ባለሙያው መጥቶ መስኮቱን ሲከፍት ደግሞ ስሕተቱ ይጠፋል። መመዝገቢያው የብልሽቱ ምክንያት መሆኑ ለብዙዎች የማይረሳ ትምህርት ሆነ።

3. መሻገሪያው

እ.ኤ.አ. በ2009 ሪያን ዳል ኖድ የተባለውን ሥርዓት ሲያወጣ ጃቫስክሪፕት በሰርቨር ላይ በስፋት መሠራት ጀመረ። ከዚህ የተነሣ አዲስ ትውልድ መመዝገቢያዎች ተወለዱ። ቻርሊ ሮቢንስ የጀመረው ዊንስተን መልእክቱን በአንድ ጊዜ ወደ ብዙ ቦታ ያደርሳል፤ የትሬንት ሚክ በንያን ደግሞ እያንዳንዱን መሥመር ኮምፒውተር በቀላሉ ሊያነበው በሚችል ጄሰን በተባለ አጻጻፍ ያሰፍራል። ቋንቋው በሁለቱም ወገን አንድ ስለ ሆነ፣ አንዱን መሣሪያ በሰርቨርም በብራውዘርም መጠቀም ይቻላል የሚለው ሐሳብ የተፈጥሮ ያህል ቀላል መስሎ ታየ። ጄምስ ሃሊዴይ ለኖድ የተጻፈውን ፕሮግራም ጠቅልሎ ለብራውዘር የሚያቀርበውን ብራውዘሪፋይ ማዘጋጀቱ ተስፋውን አጠነከረው።

ነገር ግን ቋንቋው አንድ መሆኑ አገሩን አንድ አላደረገውም። መመዝገቢያው ፋይል ልክፈት ሲል ብራውዘሩ ፋይል የለኝም ይላል። ብራውዘር ከማይታወቅ ቦታ የመጣን ፕሮግራም የሚያሠራ ስለ ሆነ የባለቤቱን ዲስክ እንዳይነካ ይከለክለዋል፤ ክልከላውም ትክክል ነው። የኮምፒውተሩን ስምና የሥራውን ቍጥር ቢጠይቅ መልስ አያገኝም። ያለ ማቋረጥ የሚጽፍበት መውጫም የለውም።

ባለሙያዎቹ ሦስት መንገድ ሞከሩ። የመጀመሪያው በብራውዘር የሌለውን ክፍል አስመስሎ መሥራት ነበር። ይህ ፕሮግራሙ እንዳይሰበር ያደርጋል፤ ነገር ግን ከባድ ሸክም ይጨምራል፤ ባዶ ማስመሰያ የተተካ እንደሆነም መዝገቡ የተጻፈ መስሎ ሳይጻፍ ይቀራል። ሁለተኛው መንገድ ሁለት ፋይል ማዘጋጀት ነው። የፕሮግራሙ ጥቅል መግለጫ ለብራውዘር ሲሆን በዚህኛው ተካ የሚል መሥመር እንዲይዝ ተደረገ፤ በውጭ የሚታየው አጠቃቀም አንድ ሲሆን በውስጥ ያለው አሠራር ግን ለየቦታው ይለያያል። የቲ.ጄ. ሆሎዌይቹክ ዲበግ የተባለው አነስተኛ መሣሪያ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በሰርቨር ላይ ከአካባቢው ቅንብር ያነብበው የነበረውን ትእዛዝ በብራውዘር ውስጥ ከብራውዘሩ ማከማቻ ያነብበዋል። ሦስተኛው መንገድ እ.ኤ.አ. በ2016 ማቴዮ ኮሊና ከባልደረቦቹ ጋር ባወጣው ፒኖ ላይ ይታያል፤ በብራውዘር ውስጥ ለኮንሶሉ ይጽፋል፤ ከተወሰነ ደረጃ በላይ የሆነውን መልእክት ግን ወደ ሰርቨር እንዲልክ ይታዘዛል።

ከሦስቱ የጸናው ልዩነቱን አምኖ የተቀበለው ነው። አጠቃቀሙን አንድ አድርጎ አሠራሩን እንደ አገሩ የለወጠው መሣሪያ ቈየ፤ ብራውዘሩን ትንሽ ሰርቨር አድርጎ የቈጠረው ግን ተቸገረ።

4. ከመተማ መስኮት ሲታይ

እነዚህ መሣሪያዎች የተሠሩት መብራትና መስመር በማይቋረጥባቸው ከተሞች ስለ ሆነ፣ በዳር አገር የሚገጥማቸው ፈተና የተለየ ነው።

የመጀመሪያው ፈተና የመስመር መቋረጥ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት መቋረጡ ይታወሳል። እንዲህ ባለ ጊዜ ብራውዘሩ ስሕተቱን ወዲያው ልላክ ቢል የሚቀበለው የለም። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮች የገባው ሴንድ ቢከን የተባለው ዘዴ ገጹ በሚዘጋበት ቅጽበት የመጨረሻውን መልእክት ለመላክ ይረዳል፤ መስመር ከሌለ ግን መልእክቱን ይዞ አይጠብቅም። ስለሆነም መዝገቡን በብራውዘሩ ማከማቻ አቈይቶ መስመር ሲመለስ መላክ ያስፈልጋል። ሎካል ስቶሬጅ የሚባለው ቀላሉ ማከማቻ ብዙውን ጊዜ 5 ሜጋባይት ያህል ብቻ ነው፤ ሲሞላም አዲስ ጽሑፍ አይቀበልም። ደኅና መመዝገቢያ አሮጌውንና ቀላሉን መልእክት ጥሎ ከባዱን ያቈያል፤ ስንት እንደ ጣለም ቈጥሮ ይጽፋል።

ሁለተኛው ፈተና ሰዓት ነው። ሱዳን እ.ኤ.አ. ኅዳር 1 ቀን 2017 ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለ መለሰች፣ ከዚያ ቀን ወዲህ በመተማና በገላባት መካከል የአንድ ሰዓት ልዩነት አለ። ድንበር ላይ ያለ ስልክ የማዶውን ኔትወርክ ከያዘ የማዶውን ሰዓት ሊያሳይ ይችላል። በኢትዮጵያ አቈጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት የሆነው ክንውን በአንዱ ስልክ 9፡00፣ በሌላው 8፡00 ተብሎ ይታያል። መመዝገቢያው የሚያየውን የአካባቢ ሰዓት ብቻ የጻፈ እንደሆነ የክንውኖቹ ቅደም ተከተል ይዛባል፤ በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት 6፡00 ብሎ የጻፈ እንደሆነ ግን ሁለቱ ይገናኛሉ። ባለቤቱ የሰዓቱን ክልል ሳይለውጥ ሰዓቱን በእጁ ያዞረ እንደሆነ ይህም አያድንም። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያ ሦስት ነገር ያስመዘግባል፤ ክንውኑ የደረሰበትን ሰዓት፣ ሰርቨሩ የተቀበለበትን ሰዓትና የማይዛባ ተራ ቍጥር። ለሦስት ቀን በማከማቻ የቈየ መልእክት በደረሰበት ቀን እንደ ተፈጸመ እንዳይቈጠር ይህ ግድ ነው።

የጤናው ዘርፍ ለዚህ ሁሉ ቅርብ ምሳሌ ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በደቡብ አፍሪካ ተጀምሮ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ መሪነት ያደገው ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 የተባለው የጤና መረጃ ሥርዓት፣ በኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ ውሏል። ሥርዓቱ በብራውዘር የሚሠራ ሲሆን የኢትዮጵያን የዘመን አቈጣጠር ይቀበላል፤ መስመር ሲቋረጥም የተሞላውን ቍጥር በብራውዘሩ ውስጥ አቈይቶ በኋላ ለመላክ ያስችላል። ይህ ለጠረፍ ጤና ጣቢያ ትልቅ እፎይታ ነው።

ነገር ግን ቍጥሩን ማቈየትና የሥራውን ታሪክ ማቈየት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። በምሳሌ እንመልከተው። በአንድ የቈላ ጤና ጣቢያ ያለ ባለሙያ የሳምንቱን የወባ ሕሙማን ቍጥር ሞልቶ አስቀምጥ የሚለውን ይጫናል እንበል። ከገጹ ውስጥ አንዱ ክፍል በደካማው መስመር ምክንያት ሳይወርድ ቀርቶ ስለ ነበር ትእዛዙ በብራውዘሩ ውስጥ ይሰበራል፤ ወደ ሰርቨሩ የሄደ ጥያቄ የለም። የሰርቨሩ መዝገብ ምንም ስሕተት አልያዘም፤ እውነቱንም ነው፤ እርሱ ዘንድ የደረሰ ነገር የለምና። በማእከል ያለው ተቈጣጣሪ ጣቢያው ሪፖርቱን አላቀረበም ብሎ ይጽፋል። ባለሙያው ደግሞ ሥራውን እንደ ፈጸመ ያምናል። በሁለቱ መካከል ያለውን እውነት የሚያውቀው ብራውዘሩ ብቻ ነው፤ መመዝገቢያ ካልተሰጠው ግን ምስክርነቱን መስኮቱ ሲዘጋ ይዞት ይሄዳል። ከዚህ በኋላ ሰውየው በቸልተኝነት ቢወቀስ የሚከላከልበት ማስረጃ የለውም።

5. ዝምታ ዜሮ አይደለም

ይህን ነገር የጤና ባለሙያዎች ከኮምፒውተር ባለሙያዎች በፊት ተረድተውታል። በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና አደጋ ሥራ አመራር ደንብ መሠረት የሳምንቱ ሪፖርት በሽታው ባልታየ ጊዜም ዜሮ ተብሎ መቅረብ አለበት። ምክንያቱም ዜሮ መልስ ነው፤ ባዶ ቦታ ግን መልስ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በመተማ አካባቢ በሚገኘው በኩመር የስደተኞች መጠለያ ኮሌራ በተከሠተ ጊዜ እንደ ታየው፣ እንዲህ ባለ ስፍራ የአንድ ሳምንት ዝምታ የሰው ሕይወት ጕዳይ ሊሆን ይችላል።

የብራውዘር መመዝገቢያም ከዚህ ደንብ ሊማር ይገባዋል። ስሕተት ሲኖር ብቻ የሚናገር መሣሪያ ዝም ባለ ጊዜ ሁለት ትርጕም አለው፤ ወይ ሁሉ ደኅና ነው፣ ወይ መሣሪያው ራሱ ወድቋል። ሁለቱን ለመለየት በየተወሰነው ጊዜ አለሁ የሚል አጭር መልእክት እንዲልክ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህ መልእክት ጥቂት ባይት ብቻ ስለ ሆነ በደካማ መስመርም ይደርሳል፤ ተቈጣጣሪውም ከየትኛው ጣቢያ መልእክት እንደ ተቋረጠ አይቶ አስቀድሞ ለመጠየቅ ይችላል።

6. ያልተጻፈው ሊጻፍ፣ የማይጻፈውም ሊታወቅ ይገባል

መዝገብ ሲበዛም አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ በሎግ ፎር ጄ ውስጥ የተገኘው ከባድ ቀዳዳ፣ በመዝገቡ ውስጥ በተንኰል የገባ ጽሑፍ ሰርቨሩን ለሌላ አሳልፎ ሊሰጥ እንደሚችል ለዓለም አሳይቷል። ከብራውዘር የሚመጣ መልእክት ደግሞ ማንም ሊጽፈው የሚችል ስለ ሆነ፣ ሰርቨሩ እንደ ታመነ ቃል ሊቀበለው አይገባም።

የግለሰብ ምሥጢርም አለ። በመተማና በሑመራ ቈላ ካላዛር የቀን ሠራተኞችን በብዛት የሚያጠቃ በሽታ ነው፤ ከሕሙማኑ መካከልም ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው ያለባቸው ብዙዎች መሆናቸው ታውቋል። ስሕተት ሲደርስ በቅጹ ላይ ያለውን ሁሉ ገልብጦ የሚልክ መመዝገቢያ የበሽተኛውን ስምና ምርመራ ማንም ሊያነበው በሚችል ፋይል ሊያስቀምጠው ይችላል። ጦርነት ሸሽቶ ድንበር ለተሻገረ ስደተኛም የስሙ መገለጥ የደኅንነት ጕዳይ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የሕግም ግዴታ ሆኗል። ስለሆነም መመዝገቢያው ቅጹ የት ላይ እንደ ተሰበረ ይጻፍ እንጂ በቅጹ ውስጥ የሰፈረውን አይጻፍ፤ ማጣራቱም መልእክቱ ከብራውዘሩ ሳይወጣ በፊት ይፈጸም። በአንድ ኮምፒውተር ብዙ ሠራተኞች በሚፈራረቁበት ጣቢያ ይህ ጥንቃቄ እጥፍ መሆን አለበት።

መደምደሚያ

ከላይ ከተዘረዘረው ታሪክ ሁለት ነገር መረዳት ይቻላል። አንደኛው፣ አንድን መሣሪያ ከተሠራበት አገር ወደ ሌላ አገር ማሻገር ጭነት ማዛወር ብቻ አይደለም፤ መሣሪያው ሳይናገር የገመታቸውን ነገሮች አንድ በአንድ አውጥቶ መመርመርን ይጠይቃል። ዲስኩ፣ ስሙ፣ ሰዓቱና መስመሩ በአዲሱ አገር ይገኛሉ ወይ ብሎ ያልጠየቀ ባለሙያ መሣሪያውን አሻግሮ ሥራውን ግን እዚያው ማዶ ይተወዋል። በበርክሊና በበርሊን ያልተጠየቀው ጥያቄ በመተማ ሊጠየቅ የሚገባው ስለዚህ ነው፤ መልሱንም ከውጭ የሚጠብቁት ሳይሆን ቦታውን የሚያውቁት የአገሩ ባለሙያዎች ሊሰጡት ይገባል።

ሁለተኛው የፍትሕ ነገር ነው። የማእከሉ መዝገብ ብቻውን በሚታመንበት አሠራር ጥፋቱ ሁልጊዜ የዳሩ ሠራተኛ ይሆናል፤ የእርሱ ወገን ምስክር የለውምና። መርከበኛው ደብተሩን በመርከቡ ላይ እንደ ያዘ ሁሉ፣ ብራውዘሩም ያየውን እዚያው ባየበት ስፍራ ይዞ በጊዜው እንዲያደርስ ማድረግ የሥርዓቱን ብልሽት ከመፈለግ ያለፈ ጥቅም አለው። በጠረፍ ጤና ጣቢያ፣ በጉምሩክ ኬላና በስደተኞች መመዝገቢያ ድንኳን ለሚሠራው ሰው ሥራውን በእውነት መሥራቱን የሚያረጋግጥለት መዝገብ እርሱ ነው።